የወንድሜ ጣትና የቤቴ ዋይፋይ

ሰኞ፣ ዝናቡ በጀመረ ቀን

ወንድሜ ዛሬ አመሻሽ ላይ መታጠፊያ እየያዘ ከነመኪናው ጠፋ። ይህን ደብተር ሌላ ሰው ቢያገኘው እንዳይደነግጥ ልጨምር፤ መኪናው የጌም ነው፣ የጠፋው ኢንተርኔቱ ነው። ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት ካርድ ስጽፍና መጽሐፍ ስመድብ ስለኖርኩ ነገር ሳልመድብ አልተኛም። ስለዚህ እመድባለሁ።

ወንድሜ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በበጋው ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ደከመ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ለኔ ቤት ይቀርባል፤ እኔ ጋ መጣ። እጁን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት የጎማ ኳስ ሰጥታ ደጋግመህ ጨብጥ አለችው። እሱ እሷን «ገራፊዋ» ብሎ ሰየማት፣ ኳሱንም መስኮት ላይ አስቀመጠው። «እኔ ኳስ የምጨብጥ ሕፃን ነኝ እትዬ?» አለኝ። ኳሱ አሁን ከአበባው ማሰሮ ጎን ጌጥ ሆኗል።

ይሄን ጊዜ ሩቅ አገር ያለችው ልጁ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን፣ ኮንሶል የሚሉትን፣ ላከችለት። ጨዋታው የመኪና እሽቅድምድም ነው። በእጅ በሚያዘው ጆይስቲክ ላይ ነዳጁ እንደ ጠመንጃ ቃታ በቀኝ ጠቋሚ ጣት ይሳባል፤ ፍሬኑ በግራ ነው። «ፍሬን አለኝ፣ ነዳጅ የለኝም» ሲል ሰነበተ። ግን ልጁ ከሥራ ወጥታ፣ በማዳመጫው ውስጥ «ጋዝ አባዬ! ጋዝ!» ብላ ስትጮህበት ላቡ ጠብ እስኪል ይስባል። ልጁ በሌለችበት ከማሽኑ ጋር ተወዳደር ስለው «ከግድግዳ ጋር አልፎካከርም» ይላል። ለሷ ካልሆነ ጣቱን አያንቀሳቅስም።

ዝናቡ ሲያበቃ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም እጁን ይፈትነዋል። ካለፈ መሪው ይመለስለታል። ከወደቀ መናኸሪያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሌላ ሹፌር መውጫና መግቢያ ይመዘግባል። ይህን ሲያስብ ድምፁ ይቀንሳል፣ ምግቡም እንደዚያው።

ማክሰኞ

ተቋረጠ። እንደገና ተቋረጠ። ጆይስቲኩን አልጋው ላይ ወረወረው፣ በግራ እጁ። በቀኙ ቢወረውር ደስ ይለኝ ነበር።

ረቡዕ

ለኢንተርኔት ድርጅቱ ደወልኩ። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ልጅ መጣች።

«አጥፍተው አብርተውታል እናቴ?»

«አዎ።»

«እስኪ አሁን ደግሞ አጥፍተው ያብሩት እናቴ።»

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሠራ። ልጅቷ በራሷ ኮርታ ተሰናበተችኝ። አመሻሽ ላይ ተቋረጠ።

ደረጃው ላይ ከታች የሚኖረውን ጎረቤታችንን አገኘሁት። ሥራው ሴራሚክ መሸጥ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ኢንጂነሩ» ይለዋል፣ መልስ የሌለው ጥያቄ ስለማያውቅ። ጉዳዩን ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና «ሰርቨሩ ነው» አለኝ። ባለፈው ውሃ ሲጠፋም ሰርቨሩ ነው ብሎ ነበር።

ሐሙስ ማታ

ራሴ እሠራዋለሁ። ሌላ ሰው እየጠበቅሁ የልጁ ጣት እስኪደርቅ ልይ? (ልጁ የምለው ወንድሜን ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ቢሆንም።)

ዛሬ ስልኬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ዋልኩ። ኢንተርኔቱን የሚያድለው ራውተር ያለው መግቢያው በር ላይ ነው፣ የወንድሜ ክፍል ደግሞ መጨረሻ ላይ። መሐል ላይ ግራና ቀኝ የኔ መደርደሪያዎች አሉ። የዋይፋዩን ምልክት እያየሁ ተራመድኩ፤ ልቦለዶቹ አጠገብ ሙሉ ነው፣ ታሪክ ጋ ሲደርስ ይጎድላል፣ መዝገበ ቃላቱ ጋ አንዲት መስመር ብቻ ትቀራለች። ወንድሜ ክፍል ውስጥ እሷም ትሞታለች። ሞገዱ እነዚህን ሁሉ መጻሕፍት አልፎ መሄድ አለበት። አልፈርድበትም። እኔም አልፌያቸው ልሄድ ብዬ ዕድሜዬ አለቀ።

እንግዲህ ብልሽቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው፣ በማንበብ። እናቴ ብትሰማ «ነግሬሽ ነበር» ትል ነበር።

መፍትሔው ገመድ ነው። ገመዱንም ከመግቢያው ድረስ መጎተት አያስፈልገኝም፤ ኮሪደሩ መሐል፣ ማንበቢያ ጠረጴዛዬ ሥር፣ አሮጌው ራውተር አለ። አዲሱን የተከለው ቴክኒሻን «ይሄ ሞቷል፣ ይጣል» ብሎኝ ነበር። ስሰካው መብራቱ በራ። የሚሠራ ነገር ጡረታ ወጣ ተብሎ አይጣልም፤ እኔም ጡረታ ወጥቼ እዚሁ አለሁ። ያኔውኑ ከአዲሱ ገመድ ስቤ አሮጌውን ከኋላው አስከተልኩት፣ ለኮምፒውተሬ እስካሁን በታማኝነት ያገለግላል። የኮንሶሉን ገመድ ከሱ አወጣለሁ።

ዓርብ

ገመድ ገዛሁ፣ የገመድ መያዣ ሚስማርም። ከግድግዳው ግርጌ ጋር እያያዝኩ በጉልበቴ ስሄድ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ አየኝ።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ መሬት ላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ልጅህን።»

ጎንበስ ብሎ መዶሻውን አቀበለኝ። በቀኝ እጁ ነው ያቀበለኝ፤ ወደቀበት፤ ሁለታችንም እንዳልወደቀ ሆነን ቀጠልን።

ቅዳሜ

ሥራዬ ያማረ ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ማዕዘን ላይ በጨዋነት ይታጠፋል። ኮንሶሉ ግንኙነቱን ሲፈትሽ አዲስ ያስገባሁት ገመድ «እጅግ ጥሩ» አስመዘገበ። እኔ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ውጤት አላየሁም። ለራሴ ሻይ አፈላሁ።

ያው ቅዳሜ፣ ማታ

ሻዩ ቸኩሎ ነበር።

ወንድሜ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ያለ አንዳች መቋረጥ ይወዳደራል። ልጁ ጌሙ ላይ የከፈተችው የመወዳደሪያ ክፍል ውስጥ ግን አያስገባውም። ድምጿም አይሰማም። «ከተጫዋቹ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ከሥሩም «የመስመርዎ ዓይነት፦ ጥብቅ»። ጥብቅ ያለው እኔን ከሆነ፣ ጠባዬ በማሽን ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ገመዱን ነቅዬ ወደ ዋይፋዩ መለስኩለት። ልጁን አገኛት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አጣት። ገመዱን ሰካሁ። መስመሩ ጸና፣ ልጅቷ የለችም።

«እትዬ» አለኝ ወንድሜ፣ ሳይቆጣ፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ድሮ ቢያንስ የምትጠፋብኝ ካገኘኋት በኋላ ነበር።»

ማክሰኞ

ሦስት ነገር ሞከርኩ፣ አራተኛውን ኢንጂነሩ መከረኝ። አራተኛው ሰርቨሩ ነው።

ሐሙስ

ወንድሜ ጌሙን አልከፈተም። ጨርቅ አለበሰው።

ከወጥ ቤት ስመለስ ከልጁ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። እያዳመጥኩ አልነበረም፤ ዓይን ክዳን አለው፣ ጆሮ ግን እንዳፈጠጠ ነው። «እትዬን አስቸገርኳት» ይላል። «ሸክም ሆንኩባት። መብራቷ እስኪነጋ ይበራል፣ ወረቀት ስታገላብጥ እሰማለሁ። ስለኔ ብላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነች፣ ምስኪን።»

ምስኪን! ምስኪን ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። ልገባና ልነግረው አሰብኩ። ከዚያ ሸክም የሚለውንም መስማቴ ይታወቃል ብዬ ተውኩት።

ሸክም አይደለም። ለመዝገብ ያህል።

ሰኞ

ገራፊዋ መጣች። በጎበዝ ሰው ችኮላ የምትሄድ ሴት ናት፤ የእጅ ጉልበት መለኪያዋን አስጨበጠችውና ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ወርዷል። ምን ሆነው ነው? ጥሩ ይዘው ነበር እኮ።»

«መስመር ነው» አልኩ።

«የምን መስመር?»

አስረዳኋት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። «እንግዲያው መስመሩ መድኃኒቱ ነው» አለች። «ይህ እጅ አንድ ሙሉ ውድድር ሳይለቅ ነዳጅ ከያዘ ሐኪሙ ፊት አይወድቅም። ያኔ ቤታቸው ይገባሉ፣ ሥራቸውን ይጀምራሉ።» ከዚያ ወደ በሩ ስሸኛት እጄን ያዝ አደረገችና «እርስዎም ያርፋሉ» አለችኝ።

እርግጥ ነው። ዕረፍት እወዳለሁ።

ረቡዕ ማታ

አገኘሁት።

የአሮጌውን ራውተር መመሪያ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ እኔ ቤት የሚጣል ወረቀት የለም። ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት። የፊደል ግድፈቱንም በእርሳስ አረምኩ፣ ልማድ ነው። ድርሰቱ ደረቅ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱ አይለወጡም፤ መጨረሻው አካባቢ ግን አንድ አንቀጽ አለ፣ ብዙ ልቦለድ ያላስገኘልኝን ድንጋጤ ያስገኘልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተር ማለት በረኛ ነው። ከውጭ ለመጣው መልእክት ሁሉ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ ወደ ትክክለኛው ክፍል የሚሰድድ። አንድ ግቢ አንድ በረኛ ይበቃዋል። እኔ ግን ሁለተኛ በረኛ ከመጀመሪያው ኋላ አቁሜያለሁ። ወንድሜ ወጥቶ ሰው ሲጠራ ሁለቱም ያሳልፉታል። ልጅቱ ከውጭ «አባዬ አለ?» ብላ ስታንኳኳ ግን የውጭው በረኛ ከሱ ኋላ ሌላ በረኛ እንጂ አባዬ የሚባል ሰው አያውቅም። እዚያው ትቀራለች። ሩቅ ያለችው የወንድሜ ልጅ በሬ ላይ ቆማ ስታንኳኳ የሰነበተችው እኔ መጣል ባልቻልኩት ዕቃ ምክንያት ነው።

መጣልም አያስፈልግም። አሮጌውን ከበረኛነት አንስቶ አሳላፊ ብቻ ማድረግ ይቻላል። አንቀጹ ግልጽ ነው። ሥራው ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃል።

ሐሙስ

መደርደሪያዎቹን አቧራ አራገፍኩ። ቀኑን ሙሉ። አስፈላጊ ነበር።

ወንድሜ ወጥ ቤት ተቀምጦ ሽንኩርት በግራ እጁ እየላጠ ስለ አንድ ተሳፋሪ አጫወተኝ፤ ሰውየው ዶሮውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ትኬት ሲጠየቅ «ለሷ ነው የቆረጥኩት፣ እኔ እቆማለሁ» ያለ። ብዙ ሳቅን።

ዓርብ

አቧራ፣ የላይኛው ረድፍ።

ማታ ሲበላ ሹካው ከቀኝ እጁ ሾለከ። አነሳውና ወደ ግራው አዛወረው፣ ቀስ ብሎ፣ እኔ እንዳላይ።

«እትዬ፣ ያ መመሪያ ምን አለሽ? ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት።»

«መቼ?»

«ነገ እሠራዋለሁ አልኩህ እኮ» አልኩት። ነገ ብዬው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ማለዳ

ቁርስ ሳልበላ ሠራሁት። አሮጌው ራውተር ጀርባ ላይ ለብቻው የቆመ፣ ቀለሙ የተለየ ቀዳዳ አለ። ከአዲሱ ራውተር የሚመጣውን ገመድ ከዚያ ነቅዬ ተራዎቹ ቀዳዳዎች መሐል ሰካሁት። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሬ ላይ ገብቼ አድራሻ የማደል ሥልጣኑን አነሳሁበት። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ጡረታ ስወጣ ማንም አልጠየቀኝም።

ወንድሜን ቀሰቀስኩት። ፈተሽን። «ጥብቅ» የሚለው ቦታ ላይ «ክፍት» ይላል።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ

ማዳመጫውን ነቅዬ ድምፁን በቴሌቪዥኑ አወጣሁት። ለፍተሻ ነው።

«አባዬ?»

«አለሁ!»

«አባዬ! ገባህ! እንዴት ገባህ? ማነው የሠራው?»

«ማን ይሆናል? እኅቴ ናት እንጂ! መጽሐፍ አንብባ!» አለ፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ። «ሁለት በረኛ ነበረ፣ አንዱን አወረደችው! አሁን ማንም አይከለክልሽም፣ ግቢ!»

«አክስቴ፣ አለሽ እዛ?»

«አለሁ» አልኩ። አንድ ቃል ብቻ። ለአንባቢ ነውር ነው።

ተወዳደሩ። ሳይቋረጥ። ወንድሜ ከሁሉ ኋላ ወጣ፣ ይህ የኔ ጥፋት አይደለም። እሽቅድምድሙን እንደ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ ታጥፎ ሲወጣ ሌላውን ያስቀድማል፣ ጠመዝማዛ ላይ አይቀድምም፣ ጌሙ ፍሬቻ ስለሌለው ቅሬታ አለው። «ማነህ አንተ ቀዩ! መንገዱ የአባትህ ነው?» ይላል። ልጁ ስትስቅ ድምጿ ክፍሉን ሞላው።

ማክሰኞ

አልተቋረጠም።

ረቡዕ

አልተቋረጠም። ይህን መጻፍ አይሰለቸኝም።

እሑድ

ኢንጂነሩ በሬን አንኳኳ። ጉሮሮውን ጠረገ። የልጆቼ ጌም ይቆራረጣል፣ እርስዎ ነገሩን ያውቁታል አሉ፣ አለኝ። ወርጄ አየሁለት። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ከብረት ሳጥን ውስጥ፣ «እንዳይሰረቅ» ቆልፎበታል። አወጣሁትና ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት።

«ምን ነበር ችግሩ?» አለኝ፣ ልጆቹ ጮቤ ሲረግጡ።

«ሰርቨሩ ነበር» አልኩት።

በጣም ደስ አለው። አሁን ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን ያነሳል፤ ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮም ነገ ይጠብቁኛል።

ሐሙስ፣ ዝናቡ ሳሳ ሲል

አንድ ሙሉ ውድድር። ከመነሻ እስከ መድረሻ ነዳጁን አለቀቀም። እኔ ጣቱን ብቻ ነበር የማየው። መሐል ላይ ነጣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ የሚለቅ መሰለኝ፤ «ጋዝ! ጋዝ አባዬ!» ትላለች፣ እኔም ለካ ከሷ ጋር እየጮህኩ ነው። ከኋላ ሁለተኛ ወጣ። አንድ ሰው ቀደመ ማለት ነው! ቀዩን ነው የቀደመው፣ ያውም ቀጥታ መንገድ ላይ፣ በሕጉ መሠረት።

ጆይስቲኩን አስቀመጠና ቀኝ እጁን እያገላበጠ አየው፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ። «የኔ ናት» አለ።

ክፍሌ ገብቼ ትንሽ ቆየሁ። ጉንፋን ይዞኛል።

ሰኞ

ፈተናው። ሐኪሙ ቢሮ በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ይዤው የሄድኩት መጽሐፍ ተገልብጦ ነበር፣ አንዲት ሴት አስተካከለችልኝ። ከውስጥ የሐኪሙ ድምፅ ተሰማ፤ «በቃ! በቃ ጌታዬ፣ ይልቀቁኝ!»

ወንድሜ ወጣ። እጁን ዘረጋልኝና ጨበጠኝ። ጣቶቼ አሁንም እየጠዘጠዙኝ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ የተበላሸው ለዚህ ነው።

ሐሙስ

ሄደ። ኮንሶሉን ይዞ። ገመዱን ከግድግዳው ልነቅል ነበር፣ ጊዜ አላገኘሁም።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቆሜ ስልኬን አየሁ። ምልክቱ እንደ ድሮው ዝቅተኛ ነው። ለምን እንዳየሁት አላውቅም።

ማክሰኞ

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጸጥታ ለንባብ ጥሩ ነው። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት፣ ጥሩ ገጽ ስለሆነ።

ዓርብ

ወንድሜ ደወለ። ሥራ ጀምሯል፤ ተሳፋሪዎቹ አጨብጭበውለታል። ያጨበጨቡት ረዳቱ ስለነገራቸው መሆኑን አልደበቀኝም።

«እትዬ፣ አንድ ችግር ገጥሞኛል። ኢንተርኔቱ እምቢ አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ… ከሰሞኑ።»

«ራውተሩ ላይ ምን ዓይነት መብራት ይበራል?»

«መብራት አለው እንዴ?»

«አለው። ቀለሙ ምንድነው?»

ከጀርባው የሆነ ሰው በሳቅ ሲፈርስ ተሰማኝ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከሩቅ አገር፣ በድምፅ ማጉያ፣ ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳይቆራረጥ የሚመጣ ሳቅ ነው።

«አንቺ ደስ ያለሽ ቀለም ይሁን» አለ ወንድሜ።

«አጥፍተህ አብርተኸዋል?»

«እትዬ፣ እኔ ምኑን አውቄው? ነገ አውቶቡሱን ይዤ ወደዚህ ስመለስ በናንተ በኩል ነው የማልፈው። ከኋላዬ ያለውን ወንበር ይዤልሻለሁ። ማንም እንዳይቀመጥበት ብዬ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ።»

በስልክ የማይፈታ ብልሽት መሆኑን ነገርኩት። በአካል መታየት አለበት። ካቻቪቴውን፣ ትርፍ ገመዱንና ወፍራም ወፍራሙን ሦስት መጽሐፍ በቦርሳዬ አስገብቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ብልሽት ጊዜ ይወስዳል።